መጨረሻ ያጣው ዘፈን

ዘፈኑ ልምምዱም ላይ መሐል መንገድ ቀረ። ዮሐና እጇን ከኪቦርዱ አንስታ የባንዱን መሪ ዌስን አየችው። እሱም ጊታሩን እንዳቀፈ አያት።

"አሁንም መጨረሻ የለውም" አለ ዌስ። "የምንቀረጸው የዛሬው ኮንሰርት ብቻ ነው። ዛሬ ካልተዘጋ አዲሱ አልበም ውስጥ አይገባም።"

"ይዘጋል።"

"እንዴት?"

"እሱን እንጃ። ግን ይዘጋል።"

ባንዱ በባንጆና ፊድል በሚሉት የገጠር ቫዮሊን የአሜሪካን የገጠር ዜማ ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። የአምስት ደቂቃውን ዘፈን መድረክ ላይ ሃያ ደቂቃ ያደርሰዋል፤ አንዱ እንደመጣለት ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። በመከተል ዮሐናን የሚያህል የለም። የተማረችው እዚሁ ሴንት ፖል ከተማ፣ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ኪቦርድ በመታችበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘማሪው ሳይናገር የዜማውን ቁልፍ ይቀይራል፣ ፓስተሩ መዝሙሩን ወደ ጸሎት ይወስደዋል። "ቀጥሎ ምንድነው?" ብሎ የሚጠይቅ ኪቦርዲስት አንድ እሑድ አይቆይም። ይህ ዘፈን ግን ራሷ የደረሰችው የመጀመሪያዋ ነው፤ በአሥራ አንድ ከተማ ተጫውተውት በአሥራ አንዱም መግቢያ እንጂ መውጫ አላገኙለትም።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ባየሽ ናት።

"ዮሐኒ፣ ሺፍቴን ጨርሼ ከሜፕልዉድ እየነዳሁ ነው። ፓርክ የማደርገው የት ነው?"

"ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ልትመጪ ነው?"

"ምን ላድርግ? ቸርች 'ልጅሽ ምን ትሠራለች?' ሲሉኝ 'ትጓዛለች' ማለት ሰለቸኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ! እስቲ በዓይኔ ልየው።"

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ያለው መናፈሻ ሞላ። ባየሽ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ጢማቸውን ካንዠረገጉ ሰዎች መሐል ፊት ለፊት ቆመች። የዮሐና ዘፈን ተጀመረ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ።

የባንዱ አፍቃሪዎች ዝምታው መንገድ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ባየሽ ይህን በምን ታውቃለች? ልጇ ጨርሳለች፤ የሚያጨበጭብ ሰው ግን ጠፋ። አንጀቷ አልቻለም።

"እልልልልልል!"

የፈሩት ይደርሳል። ዮሐና ክው አለች። እጇ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልማዱን አልረሳም፤ እሷ ሳታዘው የእናቷን ድምፅ ተከተለ። ከበሮው ገባ፣ ፊድሉ ተነሣ። ባየሽም ኪቦርዱ እንዳጀባት ስትሰማ ይባስ ብላ ደገመችው፣ ሠለሰችው። ሦስተኛው እልልታ ሲያበቃ ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ላይ አቆሙ፤ ዘፈኑ ተዘጋ። ሕዝቡ በጩኸት መናፈሻውን አናጋው። ዮሐና መድረኩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ከመድረኩ ጀርባ ሲገናኙ ባየሽ ፊቷ ቀልቷል።

"ያለቀ መስሎኝ እኮ ነው! አዋረድኩሽ?"

ያኔ ዌስ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ መጣ።

"እንዲህ ያለ ቅጂ ኖሮን አያውቅም" አለ። "እናትሽ ካልፈለጉ ግን ድምፃቸውን አጥፍተን በፊድል እንተካዋለን።"

"ምን ይላል?" አለች ባየሽ።

ዮሐና አስረዳቻት። "በአልበሙ ይወጣል፣ ማሚ። ቸርች ያሉ ሰዎች ይሰሙታል። አንቺ ካልሽ ይጠፋል።"

"እኔ ከጠፋሁ የሚዘጋው በምንድነው?"

"እንጃ። ሌላ እንፈልጋለን።"

ባየሽ ዩኒፎርሟ ላይ የተንጠለጠለውን የስም ባጅ አሻሸች። ዌስ አልበሙ ላይ የሚታተመውን የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ዘርግቶ ዮሐናን አያት። ዮሐና እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀች፤ ከዚያ "ባየሽ" ብላ ልትጽፍ አጎነበሰች።

እናቷ እጇን ያዘቻት።

"ሙሉ ስሜን ጻፊ" አለች። "ባየሽ ኃይለማርያም። ቸርች ውስጥ ሌላ ባየሽ አለች፤ እሷ ናት እንዳይሉ።"