ትንሽ ከፍ ብሏል

ትንሽ ማለት ስንት ነው፣ ሐኪሙ በስልክ ትንሽ ከፍ ብሏል አይጨነቁ አለውና ዘጋ፣ አይጨነቁ፣ ለእሱ ምን አለበት፣ አሰልጣኙ ስልኩን ጭኑ ላይ ጥሎ መሪ ወደ ጨበጡት ተማሪ ዞሮ ፍሪሲዮን ይርገጡ እትዬ ይላል፣ ድምፁ የራሱ አይመስለውም፣ እትዬ ሰባን የተጠጉ ጡረተኛ የሂሳብ መምህርት ናቸው፣ ሳልነዳ አልሞትም ብለው የመጡ፣ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከመሪው ማዶ ተቀምጦ ሰው መንዳት ያስተማረ ነው፣ ዛሬ ግን እግሩን በእሱ በኩል ካለው ፍሬን ላይ አያነሳም።

ትንሽ። የፕሮስቴት እጢው ዓምና አይደለም ወይ በካንሰር ተቆርጦ የወጣው፣ ያ ፒኤስኤ የሚሉት፣ ደም ውስጥ የሚለካው ነገር፣ የሚመነጨው ከዚያው እጢ ነው፣ እጢው ከወጣ ዜሮ አካባቢ ይቆያል ብለው ሐኪሞቹ ራሳቸው አላስረዱትም ወይ፣ ታዲያ ቤቱ ፈርሶ ጭስ ከየት ይወጣል? ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመን እንለካዋለን ብሎታል ሐኪሙ፣ እየጨመረ ከሄደ የጨረር ሕክምና አለ፣ አንዳንዴ ለዓመታት እዚያው ይቆማል። አንዳንዴ። ሰው በትንሽና በአንዳንዴ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል።

ማርሽ ሁለት እትዬ፣ ሁለት፣ መኪናው ይንዘፈዘፋል፣ እሱን ያስነጥሰዋል፣ ያቺ የሽንት ሙቀት ጠብ ትላለች፣ ሱሪው ውስጥ ያለው ፓድ ይቀበላታል፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ማስነጠስ ጠላቱ ነው፣ የታችኛውን ጡንቻ ያሠሩ ተባለ፣ ያሠራል፣ መብራት ሲይዛቸው፣ ቀይ ሲሆን ጨምቅ አረንጓዴ ሲሆን ልቀቅ፣ ሚስቱ ይህን ስትሰማ አንተ የትራፊክ መብራት ሆነህ ቀረህ ብላ ሳቀች፣ ሳቀችና ፊቷን አዞረች፣ መኝታ ቤት ስለቀረው ነገር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፣ ብታነሳው ይሻለው ነበር።

ከሁሉ የሚያንጨረጭረው ግን ታናሽ ወንድሙ ነው፣ መስታወት ቆራጩ፣ ሃምሳን አልፎ ያልበሰለው። አባትና ወንድሙ የታመሙበት ሰው በጊዜ ይመርመር ተብሏል፣ የደም ምርመራ እኮ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ቢል እንኳ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ያጣሩታል፣ ሺህ ጊዜ ነገረው። ፈታ በል ጋሼ ይላል ወንድምየው፣ ከኋላ ጣትም ያስገባሉ አሉ፣ ሐኪሙ ቀለበቱን ያወልቃል ወይ? ቤቱ ሁሉ በሳቅ።

አባባ ወገቤን ይል ነበር። ወገቡን ቅባት አሹት፣ ቀበቶ ገዙለት፣ ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ መግባቱ የታወቀው ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ነው።

በቀኝ ይታጠፉ እትዬ። መንገዳችን በግራ አልነበር? ነበር፣ በቀኝ ይሁን፣ ፍሬቻ ያሳዩ። ምን ሆነሃል ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ። ምንም፣ ወንድሜን ልንይዘው ነው። እሳቸውም መሪውን እንደ ሌባ አንገት አንቀው ይታጠፋሉ።

መስታወት ቤቱ። ወንድምየው ጓንቱን አጥልቆ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል። ና ውጣ። ወዴት? ላብራቶሪ። ኧረ ጋሼ፣ ምንም አላመመኝም። እኔንስ መቼ አመመኝ፣ አባባንም እስኪያመው ነው የጠበቅነው። ወንድምየው ሊቀልድ አፉን ይከፍታል፣ ቀልዱ አይመጣለትም፣ አንተስ ይላል ቀስ ብሎ፣ ተመረመርክ፣ ተቆረጥክ፣ ምን አተረፍክ፣ ይኸው ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለህ።

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ደሙን የሚያፈላው፣ አዎ እደነግጣለሁ ብሎ ይጮኻል አሰልጣኙ፣ የመስታወት ቤቱ ሠራተኞችም ይስሙ፣ ፓድ አደርጋለሁ፣ ዛሬም ትንሽ ከፍ ብሏል ተብያለሁ፣ ትንሹ ስንት እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ ግን ይኸው ቆሜ እሰድብሃለሁ፣ አባባ በእኔ ዕድሜ ማንን ቆሞ መስደብ ይችል ነበር?

ውጭ መምህርቷ የመኪናውን ጥሩንባ ይነፋሉ፣ አውቀው ይሁን ተሳስተው እንጃ። ወንድምየው ጓንቱን ያወልቃል።

ላብራቶሪው ጠባብ ነው፣ የአልኮል ሽታ፣ ባለሙያዋ የወንድምየውን ክንድ አስራ ደም ሥር ትፈልጋለች፣ አሰልጣኙ በሩን ተደግፎ እንደበገነ ነው፣ በሐኪሙ፣ በዚያች ትንሽ በምትባል ቃል፣ ቁጭ ብሎ በሚጠብቃቸው ሳምንታት፣ ነገ ደውሎ ሐኪሙ ቁጥሩን ሳይነግረው ስልኩን አይዘጋም፣ ከቤተሰብ ይህ በሽታ የያዘው ሰው አለ ወይ? ትላለች ባለሙያዋ፣ ወንድምየው መርፌውን ላለማየት ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፣ አባታችን ነበር፣ ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ አለ።

ስለ እሱ ነበር አላለም። አለ ነው ያለው፣ እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር፣ የአሰልጣኙ ንዴት አልወጣለትም፣ ፓዱም እርጥብ ነው፣ ቢሆንም አለ፣ አለ።