የውብሸት መርዶ

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ካርቱም አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ካለ የኪራይ ግቢ በር ላይ ባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ቆመችና ፀጉሩ የሸሸ ጎልማሳ ወረደ። ጸሐይወርቅ ከልብስ ስፌቷ ቀና ብላ አየችው፤ አላወቀችውም። «እትዬ ጸሐይ፣ ያረጋል ነኝ እኮ! የጎርጎራው!» ሲላት ግን ጨርቁን ወዲያ ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ያረጋል የታናሽ ወንድሟ የውብሸት ጓደኛ ነበር። እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ጸሐይወርቅ ያለችበትን ሲያጠያይቅ ሰንብቶ ነው ያገኛት።

ደስታዋ ደስታ ብቻ አልነበረም። ጸሐይወርቅ ወጣትነቷን ካርቱም ላይ የጨረሰችው ውብሸትን ስትጠብቅ ነው። እሷ በመተማ በኩል ሱዳን በገባች በሁለተኛው ዓመት ወንድሟን አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። ደርግ በወደቀ በዓመቱ እናቷ በመንገደኛ እጅ ካሴት ላከችላት፤ «ውብሸት ከተበተነው ጦር ጋር ወደ ሱዳን ተሻግሯል አሉ፤ ደህና ነው፤ አይዞሽ» የሚል። ከዚያ ወዲያ ከሰላ ሄዳ ፈለገችው፣ ገዳሪፍ ፈለገችው። ካርቱም ቡሪ ሰፈር የቀድሞ ወታደሮች ተሰብስበው ዶሚኖ ከሚጫወቱበት እየሄደች ስንቱን ጠየቀች። አውስትራሊያ የመሄድ ዕድል ሲወጣላት፣ «እኔ ሄጄ እሱ ቢመጣስ?» ብላ ቀረች። ሊያገባት የመጣውንም ሰው፣ ወንድሜ ሳይገኝ ሠርግ አይሆንልኝም ብላ መለሰችው። ለያረጋል ቀዩን የከርከዴ መጠጥ ቀዳችለት። ስለ ውብሸት የሚያውቅ ሰው ካለ ይኸው እሱ ነው። ግን ቸኩላ መጠየቅ ፈራች። ይጠጣ፣ ይረፍ፣ እንጫወት አለች።

ተጫወቱም። ሁለቱ ልጆች የአንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ሰርቀው ሐይቁ ላይ የወጡበት፣ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲሰምጥ እየጮሁ ደንገል ላይ የተንጠለጠሉበት ቀን ተነሣ።

«አንቺ አይደለሽ ያወጣሽን? አውጥተሽ ደግሞ በአርጩሜ ለበለብሽን!»

«እማዬ ሳታይ ልብሳችሁን ያደረቅሁላችሁንስ ምነው ረሳኸው?» አለች እየሳቀች።

ጨዋታው ሳያስቡት ወደ አፈሳው ዞረ። ያረጋል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን ሁለታችን ደንገሉ ውስጥ ተደብቀን ዋልን። ውሃው እስከ ደረታችን ነበር። ካድሬዎቹ ሊሄዱ ትንሽ ሲቀራቸው ውብሸት ራበኝ አለ። ቤት ደርሼ ልምጣ አለ። ያዝኩት፤ እምቢ አለ። ወጣ፣ ያዙት። እኔ እዚያው ቀረሁ።»

«ሆዱን አይችልም ነበር» አለች። እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሆዱንማ ማን ይረሳዋል! እናትሽስ ቢሆኑ ተዝካሩን ሲያወጡ ‹ልጄ ረሃብ አይወድም ነበር፤ ማንም ሳይጠግብ እንዳይሄድ› ብለው በሬ አልጣሉም? ያን ዕለት እኮ ንፋሱ ዳሱን ነቅሎ መሪጌታው ላይ ደፋው! ሰውዬው ከነመቋሚያው እዚያ ውስጥ ሆኖ ‹አውጡኝ!› እያለ ሲጮህ...» ያረጋል ጭኑን እየመታ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሚስቀው።

«የማን ተዝካር?» አለች ጸሐይወርቅ።

ያረጋል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እትዬ... አልነገሩሽም እንዴ? ጉና ውጊያ ላይ እኮ ነው የወደቀው። ደርግ ሳይወድቅ።»

«ካሴቱስ?»

የካሴቱን ነገር ያረጋል አያውቅም። ስትነግረው ራሱን ይዞ ቀረ። ተዝካሩ የወጣው ካሴቱ ከመላኩ በፊት ነበር። እናትየው ቄሱንም ድሃውንም አብልታ፣ የሐዘን ልብሷን እንደ ለበሰች ቴፕ ፊት ተቀምጣ ነው «ደህና ነው፤ አይዞሽ» ያለችው።

እኛ ሰዎች በመርዶ ነገር ጥንቃቄያችን ለጉድ ነው። ሽማግሌው ካልተገኘ፣ ሰዓቱ ጎሕ ሲቀድ ካልሆነ፣ አብሮ የሚያለቅስ ዘመድ ካልተሰበሰበ አንናገርም። እስኪሟላ እንደብቃለን። አንዴ ከደበቅን ወዲያ ደግሞ ለማውጣት የሚደፍር ይጠፋል፤ አንዱ በሌላው እያሳበበ ዓመት ዓመትን ይተካል። ደግነት ነው እንላለን። እናትየውም ይህን ደግነቷን ይዛ ከሞተች ቆይታለች፤ ከመቃብር ጋር ማን ይጣላል?

ያረጋል «ይቅር በይኝ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው» እያለ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ ወጣ። በድንጋጤ የጎረቤቷን የስንቅነሽን በር አንኳኩቶ ያደረገውን ነገራት። ስንቅነሽ ጸሐይወርቅን ከገዳሪፍ ጀምሮ ያልተለየች ጓደኛዋ ናት። ጸሐይወርቅ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከእንባው ንዴቱ ቀድሞባት ነበር።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሯ ተንኳኳ። የመረዳጃ ማኅበሯ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከፊት ሰብሳቢው አቶ ገብረየስ፣ ከጎናቸው ስንቅነሽ። የሰማችውን መርዶ በወጉ ሊያረዷት መምጣታቸው ነው! ስንቅነሽ ገና ከደጃፉ «ወንድሜን!» ብላ ድምፅ አወጣች።

«ኸላስ፣ ተይ!» አለቻት ጸሐይወርቅ። «እኔ ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ወላሂ ጸሐይዬ፣ አሁን ይኼ ምን ያደርግልሻል?»

«መቼ?»

አቶ ገብረየስ ጣልቃ ገቡ። «ለደጉ ብለን ነው ልጄ። በሰው አገር፣ ብቻሽን...»

«እርስዎም ያውቁ ነበር!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከኋላቸው የቆሙትም ደፉ። ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም።

«የአውስትራሊያው ዕድል የወጣልሽ ዓመት ነው» አለች ስንቅነሽ፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ከጎርጎራ የመጣች ሴት ነገረችኝ።»

«አልሄድም ስል አጠገቤ ነበርሽ እኮ። ‹ልክ ነሽ፣ ይመጣል ኢንሻአላህ› ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ነኝ።»

«ለምን?»

«አንቺ ከሄድሽ እኔ ማን ይቀረኛል?» አለች ስንቅነሽ።

ጸሐይወርቅ ሁሉንም ልታባርራቸው ነበር። ስድቡ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አፏን ስትከፍት የወጣው «ውብሸቴን!» የሚል ጩኸት ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችለትም። ራሷን መሬት ላይ ልትጥል ሆነች። ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው ስንቅነሽ ወገቧን ያዘቻት። ጸሐይወርቅ ልትገፈትራት እጇን አነሣች። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ጥበቃ፣ ካርቱም ውስጥ ከስንቅነሽ የቀረበ ሰው አላፈራችም። የተነሣው እጇ የስንቅነሽን ነጠላ ጨምድዶ ያዘ።