እጀ ቅቤ ሲያቅታት

በሕፃናት ክፍሉ የማይጣስ ደንብ አለ፤ ሕፃን ላይ ሁለቴ መርፌ የሳተች ነርስ ሦስተኛ አትሞክርም፣ እጀ ቅቤን ትጠራለች። ስሙ የወጣላት እሷ ስትወጋ የተኛ ሕፃን እንኳ አይነቃም ተብሎ ነው። ስትጠራ ታዲያ እጇን እያሻሸች ትመጣና፣ «ደም ስር እኮ እግር የለውም፣ የት ይሄድባችኋል?» ሳትል መርፌ አታነሳም። እጇ የሚያባብለውን ያህል ምላሷ ይለበልባል። ለእሷ ለራሷ ማን እንደሚጠራላት ግን ያሰበ አልነበረም፣ እሷም ጭምር።

የዛሬውን ሕፃን ተቅማጥና ትውከት አድርቆታል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ለቅሶው እንባ የለውም። ግሉኮስ ቶሎ ካልገባለት ያመልጣቸዋል። እናቱ ልጇን ትታ የእጀ ቅቤን ፊት ታያለች። እጀ ቅቤ እጁ ላይ ሞከረች፤ የለም። እግሩ ላይ ሞከረች፤ የለም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝባታል። መነጽር ላድርግ ስትል የባልደረቦቿ ሳቅ ድቅን ይልባታል፤ ስለዚህ ድካም ነው እያለች ራሷን ስትሸነግል ከረመች። አሁን ደም ስሩና ቆዳው አንድ ሆነውባት ላብ አጠመቃት። ሦስተኛውን መርፌ አነሳች። ደንቡማ ለሌሎቹ ነው! ሳተች። ሕፃኑ ማልቀሱን ተወ፤ ይሄ ደግሞ ከለቅሶው የባሰ ነው።

ድረሱልኝ ማለትን አፏ አልለመደውም። ወደ በሩ ዞራ በዚያው በለመደችው የቀልድ ድምፅ ተጣራች።

«ኧረ ነይ አግዢኝ፣ አቃተኝ!»

ቀጭኗ ነርስ፣ በሳተች ቁጥር እጀ ቅቤ የምታሾፍባት፣ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች በኮሪደሩ ታልፍ ነበር። ከት ብላ ሳቀች።

«ሌላ ሰው ፎግሪ! ሥራ አለብኝ» ብላ አለፈች።

በማን ትቆጣ? እናትየዋ አንዴ በሩን አንዴ እሷን እያየች፣ «ሲስተር፣ ምንድን ነው?» ስትል እጀ ቅቤ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣችና አስታማሚው ሁሉ እያየ እንደ ልጅ አለቀሰች።

«እህቴ፣ አይታየኝም! በናትሽ፣ ዓይኔ አያይም፣ ልጁ ሊሞትብኝ ነው!»

ቀጭኗ ጋሪዋን ጥላ ሮጠች። እጀ ቅቤ የሕፃኑን ጭንቅላት ደግፋ ያዘች፤ ይህ የጀማሪ ሥራ ነው። ቀጭኗ ግንባሩ ላይ ወጋች። ሳተች።

«አንቺ እያለሽ እኔ እንዴት…»

«እኔ የለሁም» አለቻት እጀ ቅቤ። «ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ቀጭኗ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ከጆሮው በላይ ወጋች። ደም ወደ ቱቦው መለስ አለ፤ ግሉኮሱ መንጠብጠብ ጀመረ።

ዶክተሩ መጥቶ ልጁን ካየ በኋላ፣ «ግሉኮሱ ዘግይቷል፤ እስቲ እንጠብቅ» ብሎ ወጣ። እጀ ቅቤ መቆምም መቀመጥም አቅቷት አልጋው አጠገብ ተገተረች። እናትየዋ በልጇ እጅና እግር ላይ የተለጠፈውን ጥጥ በጣቷ ስትነካካ ቆይታ ቀና አለች።

«ሲስተር፣ ያቺ ነርስ ቅድም፣ ልጄ ደጋግሞ ሲወጋ፣ እዚሁ ነበረች?»

«እዚሁ ነበረች» አለች እጀ ቅቤ።