የስድስተኛው ፌርማታ ጥላ

ሙቀት ለኪው፣ አናት በምትበሳ ፀሐይ፣ ዘጠኝ የአውቶቡስ ፌርማታዎችን በእግሩ ሲያዳርስ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ መጠለያ የሚያሠራው ለሦስቱ ብቻ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ለሚያቃጥሉት። የትኞቹ እንደሆኑ የሚናገረው ደግሞ እሱ በትከሻው ተሸክሞት የሚዞረው፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ኳስ ያለው መለኪያ ነው። ኳሱ አየሩን ብቻ ሳይሆን የፀሐይዋንም ግርፊያ ይለካል። ሰው በሚቆምበት መቆም፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ቁጥሩን መጻፍ፤ ሥራው ይኸው ነው። ሞኝ የማያቅተው ሥራ ነው። እግር ግን ይፈልጋል፤ የእሱ እግር ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

በልቡ የያዘው ስድስተኛውን ነው። እዚያ ታላቅ እህቱ መሐረብና ካልሲ ትሸጣለች። ዛፍ የለ፣ ግንብ የለ፤ ከፊት አስፋልት፣ ከኋላ የቆርቆሮ አጥር። ባለፈው ወር ራሷን ስታ ወድቃ ሰው ነው ያነሳት። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ እንዳትውይ» ቢላት፣ «እሺ» ብላ በማግሥቱ ተመልሳ ተቀመጠች። የት ትሂድ? ስድስተኛው ካልተመረጠ ማን ሊመረጥ ነው እያለ ራሱንም እሷንም ያጽናና ነበር።

እዚያ የሚደርሰው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ጉልበቱ አብሮት አይደርስም። እህቱ ገና ከሩቅ ስታየው ከበርጩማዋ ትነሳለች።

«ና እዚህ! አፈር ስሆን ቁጭ በል። ፊትህ እኮ ከሰል መስሏል።»

«ተይ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራህ ይሸሻል? በል ጠጣ።»

ውሃ ታስይዘውና ጃንጥላዋን ከራሷ ላይ አንስታ እሱ ላይ ትይዝለታለች። ፀሐይዋን እሷ ትቀበላለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እሷ ናት። እሱም መለኪያውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ ዓይኑን ይከድናል። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ቁጥሩን ጽፎ ወደ ሰባተኛው ይሄዳል። ከቀኑ ሁሉ የምታሳርፈው ያቺ ሩብ ሰዓት ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ዘጠነኛው። ስድስተኛውን ከታች፣ ከመጨረሻው መስመር አገኘው፦ «ከሁሉም ይበልጥ ምቹ»። ተሳስታችኋል ሊል የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ዘንድ ገባ። መሐንዲሱ መዝገቡን ገልጦ የገዛ እጅ ጽሑፉን አሳየው። አሥራ አምስት ቀን፣ አሥራ አምስት ቁጥር፤ አንዱም ከእህቱ ጃንጥላ ጥላ ውጪ አልተለካም።

«እንደገና ልለካው» አለ።

«ሥራው ለተቋራጭ ተሰጥቷል። ለከርሞ እናያለን።»

ለመናደድ እንኳ አቅም አጣ።

ሰባት ሰዓት ላይ መለኪያውን ሳይዝ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ቢያወጣ ቢያወርድ፣ እንዴት ብሎ እንደሚነግራት አላገኘውም። እሷ ከሩቅ አይታው ተነሳች።

«ዛሬስ ለራስሽ ያዥው፣ እትዬ» አላት።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።» ክንዱን ይዛ አስቀመጠችውና ጃንጥላዋን አዞረችለት። «መጠለያው እስኪሠራልን በዚችው እንብቃቃለን።»

ከግንባሯ የወረደ ላብ እጁ ላይ ጠብ አለ።