አርባ ሰባት?

የላቦራቶሪ ክፍላችንን ኃላፊ ከጀርባው «ግልባጭ» እንለዋለን። እኔ የጻፍኩትን ይገለብጣል፣ ሳያነብ ይፈርማል፣ ማህተም ያሳርፋል፤ ሥራው ይኸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ነጭ ጋዋኑን ቆልፎ ስለ ሴል ክፍፍል ይተነትናል። «ክሮሞሶም መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ ይቀዳል» ይላል። እንዴት ያለ ጉድ ነው! መጀመሪያ ነው የሚቀዳው። ቅጂዎቹ ወገብ ለወገብ ተያይዘው ሴሉ መሐል ይሰለፋሉ፤ አንዱ እንኳ ወደ ዳር በሚጎትተው ክር ካልተያዘ ሴሉ ይጠብቃል እንጂ አይከፈልም። በዓይን የማይታይ ነገር የቻለውን ትዕግሥት ይህ ሰውዬ አልቻለውም።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ነፍሰ ጡር የእንሽርት ውሃ መጣልን። የጽንሱ ክሮሞሶም አርባ ስድስት መሆን አለበት፤ አንድ ከበዛ የልጁ ጤና ያሰጋል። የመጀመሪያውን ሴል ፎቶ ብቆጥር አርባ ሰባት ሆነብኝ። አንዱ ግን ዳር ላይ ለብቻው ተጋድሟል፤ ከጎረቤት ሴል የመጣ መሰለኝ። ፎቶው ላይ በእርሳስ «47?» ብዬ ጻፍኩና የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ሴሎች ልቆጥር ማይክሮስኮፔ ላይ አቀረቀርኩ።

ግልባጭ ፎቶውን ከጠረጴዛዬ አንስቶ ሄደ። መገልበጥ እንኳ አላወቀበትም፤ ቁጥሩን ውጤት ወረቀቱ ላይ ጽፎ የጥያቄ ምልክቷን ተዋት፤ ፈርሞም ለነፍሰ ጡሯ ሰጣት።

አሥራ ዘጠኙም አርባ ስድስት ሆኑ። ሮጬ ስወጣ ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። እናቷ ጀርባዋን እያሻሹ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ልጄ» ይላሉ።

«እማማ፣ እግዜርን ተዉት፤ የእኛ ሥራ ነው» አልኳቸው። «ልጁ ደህና ነው። አሁኑኑ አስተካክዬ እመጣለሁ።»

ግልባጭ ቢሮው ውስጥ ከእንግዶች ጋር ነበር። በጆሮው ስነግረው «ማሽኑ ተሳሳተ በያት፤ አዲሱን ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» አለኝ። የምን ማሽን? ቆጣሪው የእኔ ዓይን ነው! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰውን ግን ሁሌ የምለቅመው እኔ ነኝ።

ጻፍኩና አመጣሁለት። ጨዋታውን ሳያቋርጥ ፈረመ፤ ማህተሙንም አሳረፈበት።

ሴትዮዋ ተከትላኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተቀብላኝ ጮክ ብላ አነበበች፦ «የልጅዎ ክሮሞሶም አርባ ስድስት ነው። ቀድሞ የተሰጠዎት ውጤት በአንድ ሴል ብቻ፣ የጥያቄ ምልክቱ ተዘልሎ የተገለበጠ ነው። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ስሙን ከነማዕረጉ አነበበችና ቀና አለች። «እርስዎ ነዎት?»

እንግዶቹ ሁሉ ዞሩ። ግልባጭ እጁን ዘረጋ።

«እስቲ... ላንብበው» አለ።