የዲዴሳ ቀይ ላሞች

አሳምነው ዓይኑን የቆጠበው ለአንድ ነገር ብሎ ነበር። ሐኪሙ «ግላኮማ ነው፤ ዳር ዳሩን ጨርሷል፣ መሐሉም ቢበዛ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው» ካለው ወዲህ ጋዜጣ ተወ፣ ቴሌቪዥን ተወ። ጠብታውን ግን አንድ ቀን እንኳ ከሰዓቱ አሳልፎ አያውቅም። ነቀምቴ ላይ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው፣ ከመታወሩ በፊት ላየው የሚለው ነገር ብዙ ይመስላችኋል። እሱ የፈለገው ሰባት ላሞችና አንዲት ጥጃ ብቻ ነበር።

ላሞቹ ዲዴሳ በረሃ ውስጥ ያለ የአንድ ዋሻ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተሳሉ ናቸው። ማን ሳላቸው፣ መቼ ሳላቸው፣ የሚያውቅ የለም። ከዋሻው ሥር የፈረሰ የድንጋይ ካብ አለ፤ የከብት በረት ይሁን የሰው መንደር እሱም አልተለየም። አሳምነው ከወሎ ተመድቦ በመጣ በሁለተኛው ዓመት አገኛቸውና፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የታሪክ ክበብ ተማሪዎቹን ጭኖ ይወርድ ነበር። ኋላ መንገዱ ተዘጋ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ዝር ያለ ሰው የለም። ምክንያቱን የወለጋ ሰው ያውቀዋልና አልዘረዝረውም።

ዘንድሮ ጥር ላይ መንገዱ ተከፈተ ሲባል፣ ልጁ ሐሴት ከጓደኛዋ ፒካፕ ተዋሰች። ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሊነሱ ሲሉ ሚስቱ ሶረቲ «አጭር ጸሎት ላድርግ» አለች። የሶረቲ አጭር ጸሎት ሞተሩ እስኪግል ቆየ። ሁለት ኬላ አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ የበረሃው ሙቀት በመስኮት ገባ። አሳምነው ሙቀቱን በፊቱ እየተቀበለ ለብቻው ይስቅ ነበር።

«ውሃ ይዘናል?» አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ሁለት ጀሪካን» አለች ሐሴት። «ለሦስት ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ አባዬ?»

«ለእኛ ማን አለሽ? ለላሞቹ ነው። ደርቀው አይታዩም። ሲጠጡ ነው ብድግ የሚሉት።»

ይህ የራሱ ግኝት ነበር፤ ይኮራበታል። አንድ ኩባያ ውሃ ግድግዳው ላይ ይረጫል፣ ደብዛዛው ቀለም ይደምቃል፣ ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ተራ ገብተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኩባያ ይረጫሉ።

መኪናዋን ካቡ አጠገብ አቆሙ። ሶረቲ ክንዱን ይዛ ወደ ዋሻው አወጣችው። አሳምነው መነጽሩን ወለወለና በቀረችው ጠባብ ብርሃን ግድግዳውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ፈለገ። ነጭ ነው። ሐሴት ረጨችለት። ደግማ ረጨችለት። አሁንም ነጭ ነው።

«ሶሬ፣ ይታዩሻል?»

ሶረቲ ልጇን አየቻት። ሐሴት ራሷን ነቀነቀች፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም።

«ይታዩኛል» አለች ሶረቲ።

«ስንት ናቸው?»

«ሰባት። ጥጃዋ ከሦስተኛዋ ሆድ ሥር ቆማለች።»

ዕድሜ ልኩን ሲነግራት የኖረውን መለሰችለት። አሳምነው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንግዲያው ዓይኑ ነው፤ እሱ ጥቂት ወራት ዘግይቶ መጥቷል። እንባውን ሳይደብቅ አለቀሰ። ቢሆንም ከሐዘኑ ሥር አንድ የሚያዝ ነገር ነበር፦ ላሞቹ አሉ። ሐሴት አይታቸዋለች፣ ነገ ልጆቿን ታመጣለች። በዚህ በዚህማ ጨለማውም ይቻላል ብሎ አሰበ።

ይህን እያሰበ ሳለ ጆቴ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ከታች ብቅ አለ። ጆቴ የዚያው ቆላ ከብት አርቢ ነው፤ ድሮ ተማሪዎቹን መንገድ የሚመራው እሱ ነበር።

«ያ ባርሲሳ፣ አስተማሪዬ፣ አካም ጅርታ? መኪና ሳይ አንተ ነህ ብዬ መጣሁ።»

«ደህና ነኝ፣ ጆቴ። ከብቶቹስ?»

«የኔዎቹ ደህና ናቸው። ያስቸገሩኝ ያንተዎቹ ናቸው።»

ሶረቲ ዝም እንዲል በእጇ ምልክት አሳየችው። አላያትም።

«አንተ ስትቀር ጊዜ ይጠማቸዋል ብዬ እኔ አጠጣኋቸው። በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን፣ ከወንዙ። ተኩስ ባለበት ሳምንት እንኳ አላስቀረሁም። መጀመሪያ ይነሱ ነበር። ኋላ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ወጣባቸው፣ ቀለማቸውም ከውሃው ጋር እየታጠበ ወረደ። አምና ጥጃዋ ሄደች። ዘንድሮ አንድም የለች። ምን አጎደልኩ፣ ባርሲሳ?»

አሳምነው ተማሪዎቹን አሰበ፤ ሃያ ምናምን ዓመት፣ በየዓመቱ አርባ አርባ ኩባያ። ላሞቹ ያን ሁሉ ዘመን የቆዩት ማንም አጠጥቷቸው ስለማያውቅ ነበር። እሱ መጥቶ ውሃ አስለመዳቸው። ምነው ዓይኔ ብቻ በሆነ ሲል ከልቡ ተመኘ።

«ምንም አላጎደልክም» አለው። «ያሳየሁህን ነው ያደረግኸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጆቴ አልገባውም። የጀሪካኑን ክዳን ይዞ ቆሟል። «ይኼንንስ?»

«ከእንግዲህ አይጠጡም፣ ጆቴ።»

ጆቴ ጀሪካኑን እንደሞላ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ።

መኪና ውስጥ ሶረቲ «እንዳታዝን ብዬ ነው» አለች። አሳምነው «አውቃለሁ» አላት፤ አልተቀየማትም። እንዲያውም ውሸቷ ትንሽ ቢቆይለት በወደደ ነበር።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ሐሴት ሰዓቷን አየች። «አባዬ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። ጠብታህ።»

ሶረቲ ብልቃጧን ከቦርሳዋ አውጥታ ክዳኗን ከፈተች። አሳምነው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ይቅር፣ ሶሬ» አለ። «አሁንማ ምን ያደርግልኛል።»

ሶረቲ ብልቃጧን በእጇ እንደያዘች ነቀምቴ ገቡ።