ለእንግዳ የተስተካከለ መስመር

ሥራዬ ብረት መጎተት ነው። ዳላስ አጠገብ ግሬፕቫይን ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ የአሉሚኒየም ቁራጭ ማሽን ላይ አስሬ እስኪበጠስ እስባለሁ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በምን ያህል ኃይል ምን ያህል እንደተለጠጠ በመስመር ይስላል።

አብዛኛው ብረት ሲጎተት በእርጋታ ይለጠጣል። ማግኒዚየም የገባበት ይሄ ቀላል አሉሚኒየም ግን አመለኛ ነው። ትንሽ ይለጠጥና ቀጥ ይላል፤ ቆይቶ ድንገት ዘለል ይላል። አንዱ ቦታው ሲሸሽ ሌላው ንቅንቅ አይልም፤ ገላው ላይም ሰንበር ያወጣል። መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ነው የሚመስለው። አልታመመም፣ ተፈጥሮው ነው።

ይህን ለጋሽ ወልደ ሥላሴ ማን ይንገራቸው? አለቃዬ ናቸው፤ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። እዚያ ቤት ያለነው ሐበሾች ሁላችንም በእሳቸው በኩል ስለገባን፣ «ተሳስተዋል» የምትለዋን ቃል ከአፋችን አውጥተናት አናውቅም።

ብረቱን የላከው ደንበኛ የመኪና በር የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። ኢንጂነሯ ሐሙስ እንደምትመጣ ሲሰማ ጋሼ ወለሉን አሳጠቡ፣ ሜስኪት ከተማ ካለው የሐበሻ ቤት ሳምቡሳ አስመጡ፣ ከዚያ የእኔ ስክሪን ላይ አፈጠጡ።

«የትምወርቅ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዝርክርክ ያለ!»

«ጋሼ፣ ብረቱ እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገው...»

«እንግዳ እየመጣ? ሶ፣ ሶፍትዌሩ ላይ መስመር የሚያለሰልስ ነገር አለ አይደል? እሱን ክሊክ አድርጊና ፕሪንት አድርጊው። ምን ይሉናል!»

«ምን ይሉናል» ከተባለ እኔ አቅም የለኝም። እየተናደድኩ ክሊክ አደረግኩ። ጥርሱ ሁሉ ረገፈ፤ መስመሩ እንደ ተተኮሰ ነጠላ ልሙጥ አለ። ከሥሩም ስሜን ፈረምኩ።

ሐሙስ የመጣችው ኢንጂነር ሮሆቦት ትባላለች፤ ዳላስ የተወለደች የእኛው ልጅ። ጋሼ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። በአንድ እጇ ሳምቡሳ፣ በአንድ እጇ ሪፖርቱን ይዛ ጥቂት አየችና ማኘኳን አቆመች።

«ይሄ... ማለቴ፣ እውነት አይደለም። ይሄ አሎይ እንዲህ ስሙዝ አይሆንም። እኛ የላክነው እሱ ጃምፕ የሚያደርገውን ለማየት ነው። በሩ ላይ መስመር ያወጣል፣ ፕሮብለም ሆነብን። ማን አጠፋው?»

ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ልጅቷ አዲስ ናት» አሉ።

አዲስ! ሦስት ዓመቴ ነው! ደሜ ፈላ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ሮሆቦት ግራ ገብቷት ሁለታችንንም አየችን። «ኦኬ። ማን እንዳደረገው እስከ መንዴይ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ያ ሰው የእኛን ሳምፕል ከአሁን በኋላ አይነካም» ብላ ሄደች። የእሷን ብረት ካልነካሁ ደግሞ እዚያ ቤት ሌላ ሥራ የለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠሩኝ። ስለ በሩም ስለ ብረቱም የጠየቀ የለም። ክሱ «በእንግዳ ፊት አዋረድሻቸው» ነው። የጋሼን ጉልበት እንድስም ተፈረደብኝ፣ ሳምኩ። ስላሳፈርኳቸው ከልቤ አዝኜ ነበር። ያኔ ሰብሳቢው አቶ ሕዝቅያስ ከኮታቸው ኪስ ለሮሆቦት የሚላክ አንድ ወረቀት አወጡ። መስመሩን ማንም ሳያዘኝ በራሴ እንዳለሰለስኩ ይናገራል።

«እርቁ እንዲጸና ነው። ፈርሚና ይለቅ።»

«አልፈርምም። እንጀራዬ ነው።»

«አባትሽ ማለት እኮ ናቸው!»

«ናቸው። ግን አልፈርምም።»

ተራ በተራ ለመኑኝ፣ ተራ በተራ ተቆጡኝ። ልመናውና ቁጣው አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ጋሼ ማንም ሳይጠብቅ ብድግ አሉ።

«ተዉአት! ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

ወረቀቱን ከአቶ ሕዝቅያስ እጅ ወስደው ስሜን ሰረዙ፤ በቦታው የራሳቸውን ጽፈው ፈረሙ። ሳላስበው አለቀስኩ።

አቶ ሕዝቅያስ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ምነው ጋሼ! ይሄን ያህል ሽማግሌ ቁጭ ባለበት እንዲህ ይባላል? እኛን ምን አደረጉን?»

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩ። ለሚቀጥለው እሑድም ጋሼ ሽማግሌዎቹን ስላሳፈሩ ይቅርታ እንዲጠይቁ ተቀጠሩ።